ፖለቲካችን ሳይገጥም በልጆቻችን ትምህርት ለመግባባት

ስብሰባው የተጠራው ስለ አንድ ትምህርት ቤት ነው። አጀንዳውም አጭር ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ስለ ልጆቹ የሚያወራ ሰው ይጠፋል። ወሬው ስለ ፓርቲ፣ ስለ መንግሥት፣ ስለ “እናንተ” እና ስለ “እኛ” ይሆናል። አስተማሪዋ ጥግ ላይ ደብተሯን ይዛ ዝም ትላለች። ሰዓቱ ያልቃል፤ ሁሉም ተቆጥቶ ይወጣል። በነጋታው ጠዋት ልጆቹ ወደዚያው ክፍል፣ ወደዚያው ችግር ይመለሳሉ።

እንዲህ ያሉ ስብሰባዎችን ለዓመታት መርቻለሁ። የተበላሹትንም የተሳኩትንም ሳስታውስ አንድ ልዩነት ጎልቶ ይታየኛል። በተሳኩት ላይ ማንም አመለካከቱን ቀይሮ አልወጣም። የተስማሙት በሚሠራው ነገር ላይ ነው። ለምን እንደሚሠራ ግን እያንዳንዱ የራሱን ምክንያት እንደያዘ ቀረ። አንዷ ስለ እኩልነት ብላ ፈረመች፣ ሌላው ስለ ሥርዓት ብሎ ፈረመ። የፈረሙበት ወረቀት ግን አንድ ነበር።

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ መነሻው ይኸው ነው። የወላጅ ኮሚቴ አባል፣ መምህር፣ ርዕሰ መምህር፣ የምክር ቤት ተመራጭ ወይም ጉዳዩ የሚያንገበግበው ሰው ብትሆኑ ትጠቀሙበታላችሁ።

1. ጥያቄውን አጥብቡት

“የትምህርት ሥርዓታችን ወዴት እየሄደ ነው?” ብላችሁ ሰው ከጠራችሁ የሚመጣው ባንዲራውን ይዞ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ የለውም፤ ያለው ወገን ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን ክፍል፣ ጊዜና ባለቤት ስጡት። “የግል ትምህርት ቤት ይሻላል ወይስ የመንግሥት?” አትበሉ። “ሦስተኛ ክፍል ጨርሰው ማንበብ ያልቻሉ ልጆችን በሚቀጥለው ዓመት ማን ይርዳቸው? በሳምንት ስንት ሰዓት? ከየትኛው በጀት?” በሉ። የመጀመሪያው ሰውን ለሁለት ይከፍላል። ሁለተኛው ወረቀትና እርሳስ ያስወጣል።

ጥያቄውን ከጻፋችሁ በኋላ ከሁለቱም ወገን ለአንድ አንድ ሰው ለየብቻ አንብቡለት። “ይህን የጻፈው ከየትኛው ወገን ይመስልሃል?” ብላችሁ ጠይቁት። ወዲያው ካወቀ፣ ጥያቄያችሁ ውስጥ መልስ ደብቃችኋል ማለት ነው። ቃል ቀይሩ። ለምሳሌ “ማዘመን” እና “መመለስ” የሚሉት ቃላት ንፁህ ይመስላሉ፤ ግን እያንዳንዳቸው ባለቤት አላቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ለድርድር የማይቀርብ ነገር አለ። አንድ ልጅ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከክፍል ይውጣ ወይስ አይውጣ የሚለው አጀንዳ ሊሆን አይገባም። መገኘቱ የታወቀ ነው። መወያየት የሚቻለው በደህና የሚማርበትን መንገድ ነው።

2. ለዘብተኞችን ብቻ አትጥሩ

ሁላችንም የምንሳሳተው እዚህ ነው። ጠብ እንዳይነሳ ብለን ረጋ ያሉትን፣ በቀላሉ የሚስማሙትን እንሰበስባለን። እነሱም ይስማማሉ። ከዚያ ወደየወገናቸው ሲመለሱ የሚሰማቸው የለም።

በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ግዛት፣ ደርሃም ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የሆነውን አስቡ። ትምህርት ቤቶች ጥቁርና ነጭ ልጆችን አንድ ላይ እንዲያስተምሩ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነበር። ከተማው ተፋጥጦ ነበር። ቢል ሪዲክ የሚባል አወያይ 10 ቀን የሚቆይ የሕዝብ ውይይት እንዲመራ ተጠራ። በጋራ ሰብሳቢነት እንዲቀመጡ ያደረጋቸው ሁለት ሰዎችን ነው። አንዷ የጥቁሮች መብት ታጋይዋ አን አትዋተር ነች። ሌላው ሲ ፒ ኤሊስ ነው። ኤሊስ የነጮች የበላይነትን የሚያራምደው ኩ ክላክስ ክላን የሚባለው ቡድን የከተማው መሪ ነበር። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ እንኳን የማይፈልጉ ሰዎች ነበሩ።

መጀመሪያ ላይ ሥራው አልሄደም። የከፈተው ነገር ትልቅ ንግግር አይደለም። ሁለቱ ቁጭ ብለው ስለ ልጆቻቸው ማውራት ጀመሩ። የእሷም የእሱም ልጆች ከትምህርት ቤት እያለቀሱ ይመለሱ ነበር። ሁለቱም ድሆች ነበሩ። ኤሊስ ያን ጊዜ የገባው፣ ጠላቴ ነች ያላት ሴት የእሱን ችግር አንድ በአንድ እንደምትኖረው ነው። በመጨረሻው ቀን የክላን አባልነት ካርዱን በሕዝብ ፊት ቀደደ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ወዳጆች ሆነው ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሞት አትዋተር ቀብሩ ላይ ተገኝታ ተናግራለች።

ከእናንተ ስብሰባ እንዲህ ያለ ለውጥ አትጠብቁ። ብርቅ ነው። ልትወስዱት የሚገባው የሪዲክን ምርጫ ነው። ሥራውን ያስረከበው በየወገናቸው ለሚደመጡት ሰዎች ነው። ሌላም ልብ በሉ፤ ውይይቱ “ልጆቹ አንድ ላይ ይማሩ ወይስ አይማሩ?” አልነበረም። ያ በሕግ አልቆ ነበር። የቀረው “እንዴት?” ነበር።

በተግባር ስትሠሩት፣ ከየወገኑ “እሱ ከተስማማ እኔም አያለሁ” የሚባልለትን አንድ ሰው ፈልጉ። ከዚያ ሁለቱን የጋራ ሰብሳቢ አድርጓቸው። ሰብሳቢ የሆነ ሰው ስብሰባውን ለማፍረስ ይከብደዋል።

3. አስቀድማችሁ ለየብቻ አነጋግሯቸው

ይህን አትዝለሉት። ለእያንዳንዱ ሰው ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሰው አዳራሽ ውስጥ የማይናገረውን ለብቻው ሲሆን ይነግራችኋል። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምን ያሰጋሃል? ሌላኛው ወገን ስለ አንተ በስህተት የሚያስበው ነገር ምንድን ነው? ምን ቢደረግ ባትወደውም ትታገሠዋለህ? የሦስተኛውን መልስ ጻፉና ለራሳችሁ ያዙ። ስብሰባው ሲካረር የምትወጡበት በር እሱ ነው።

4. ከአቋሙ ጀርባ ያለውን ስጋት አውጡ

ትልቁ ሥራ ይህ ነው። አቋም ማለት ሰው የሚጠይቀው ነገር ነው። ስጋት ደግሞ ያን እንዲጠይቅ የሚያደርገው ነገር። በትምህርት ጉዳይ ላይ ስጋቱ ሁልጊዜ የልጅ ፊት አለው።

አንድ ጊዜ በታሪክ መማሪያ መጽሐፍ የተጣሉ ወላጆችን አወያይቼ ነበር። ያጣላቸው አንድ ገጽ ነው፤ ስለ አንድ የድሮ መሪ የሚያወራ። አንድ አባት “ይህ ገጽ ይውጣ፤ ጭቆናን ያወድሳል” አሉ። ፊት ለፊታቸው የተቀመጡ እናት “አንዲት ቃል ብትነካ ልጄን ከትምህርት ቤቱ አስወጣለሁ” አሉ። ሁለቱም ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ገጹን ኮፒ አስደርጌ ለሁለቱም ሰጠሁ። እርሳስም ሰጠኋቸው። “ልጅዎ ይህን አንብቦ ማታ ቤት ሲመጣ ምን ብሎ ቢጠይቅዎት ይከፋዎታል?” አልኳቸው። ያንን ጥያቄ የሚያስነሱትን ዓረፍተ ነገሮች እንዲያሰምሩባቸው ጠየቅኳቸው።

አባትየው ብዙ ቆዩ። ከዚያ “‘አባዬ፣ የኛ ሰዎች ያኔ አልነበሩም እንዴ?’ ቢለኝ” አሉ።

እናትየው ወረቀቱን እያዩ “‘እማዬ፣ የኛ አያቶች ሁሉ ክፉ ነበሩ?’ ብትለኝ” አሉ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። አባትየው ሁለት ዓረፍተ ነገር አስምረዋል። እናትየው ደግሞ ሦስት። የተገናኙበት አንዱ ብቻ ነው። ገጽ ሙሉ ጠብ ወደ አራት ዓረፍተ ነገር ወረደ። አንዱ ልጅ በታሪኩ ውስጥ ራሱን እንዳያጣ፣ ሌላዋ በታሪኩ እንዳታፍር ነው የተፈለገው። ሁለቱ ስጋቶች አይጣሉም። የተጣሉት “ይውጣ” እና “አይነካ” ነበሩ።

በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ ገጹን አላወጣም። ከጎኑ በዚያ ዘመን የኖሩ ተራ ሰዎች የተናገሩት አንድ ገጽ ንባብ ተጨመረ። ለተማሪዎቹም ሁለቱን እያነጻጸሩ የሚጽፉት ጥያቄ ወጣ። ሁለቱ ወላጆች ወዳጅ አልሆኑም። ስለዚያ መሪ ያላቸው አስተያየትም እንደነበረ ነው። ግን ሁለቱም ፈረሙ።

ይህ መንገድ በአገር ደረጃም ተሞክሯል። በምዕራብ ጀርመን በ1970ዎቹ ፓርቲዎች ስለ ፖለቲካ ትምህርት አይግባቡም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ከተለያየ ወገን የመጡ ምሁራን ቦይተልስባህ በምትባል ትንሽ ቦታ ተሰበሰቡ። ከዚያ የወጡት ሦስት ሐሳቦች ዛሬም ይሠራባቸዋል። አንደኛ፣ መምህር ተማሪን አስገድዶ ወደ ራሱ አስተያየት አያስገባም። ሁለተኛ፣ ምሁራንና ፖለቲከኞች የሚከራከሩበት ነገር ክፍል ውስጥም እንደሚያከራክር ሆኖ ይቀርባል። ሦስተኛ፣ ተማሪው የፖለቲካ ሁኔታውንና የራሱን ጥቅም መርምሮ እንዲንቀሳቀስ ይሠለጥናል። የሚገርመው፣ እዚያ ድምፅ አልተሰጠም። ሃንስ ጌኦርግ ቬሊንግ የሚባል ምሁር ሁሉም የተቀበሉትን ሐሳብ በኋላ ጻፈው፤ ተቃዋሚም አልተነሳበትም። በፖለቲካው መልስ ላይ አልተስማሙም። የተስማሙት ልዩነቱ ለልጆች እንዴት እንደሚቀርብ ነው።

የእናንተም ክርክር በይዘት ላይ ከሆነ ከሁለተኛው ሐሳብ ጀምሩ። “ይህ ነገር ያከራክራል?” ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱም ወገኖች “አዎ” ይላሉ። ያ የመጀመሪያው የጋራ መልሳችሁ ነው።

5. “ለምን” ከማለት “እንዴት” በሉ

“ለምን ትደግፋለህ?” ስትሉት ሰው ይጠነክራል፤ ምክንያት ይደረድራል። “እንዴት ይሠራል? ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ አስረዳኝ” ስትሉት ግን ፍጥነቱ ይቀንሳል።

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የሥነ ልቦና ጥናት ሰዎች የሚደግፉት ፖሊሲ እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ እንዲያስረዱ ጠይቋል። ሲያስረዱ እናውቃለን ያሉትን ያህል እንደማያውቁ ገባቸው፤ አቋማቸውም ለዘብ አለ። ምክንያት ብቻ የዘረዘሩት ግን አልለዘቡም። ሁልጊዜ፣ በሁሉም ሰው ላይ ይሠራል አልልም። ቢያንስ ግን ወሬውን ከስሜት ወደ ሥራ ያወርደዋል።

ለምሳሌ ፈተና ይብዛ የሚል ሰው አለ እንበል። ፈተናውን ማን ያወጣል? ማን ያርማል? ውጤቱ ከመጣ በኋላ የወደቀው ልጅ ሰኞ ጠዋት ምን ይሆናል? ፈተና ይቅር ለሚለውም እንዲሁ፦ ልጁ ወደ ኋላ መቅረቱን ወላጅ በምን ያውቃል? በየትኛው ወር?

ጥያቄውን ስትጠይቁ ድምፃችሁ እንደ መርማሪ እንዳይሆን። ለማወቅ ጠይቁ። ሰው እየተፈተነ መሆኑ ከተሰማው ይዘጋል። ለሁለቱም ወገን እኩል ጠይቁ፤ መጀመሪያ ለምትስማሙበት ወገን።

6. መሃሉን አትፈልጉ፤ መለዋወጥን ፈልጉ

አንዱ አሥር ሲል ሌላው ዜሮ ካለ አምስት ላይ መገናኘት ፍትሐዊ ይመስላል። በትምህርት ግን ብዙ ጊዜ አይሆንም። ግማሽ የንባብ ዘዴ ብሎ ነገር የለም። የሚሻለው ለአንዱ ነፍስ የሆነውን፣ ለሌላው ግን ያን ያህል የማይከብደውን መፈለግ ነው።

ኔዘርላንድስ ለብዙ አሥርት ዓመታት በትምህርት ቤት ተጣልታለች። የሃይማኖት ፓርቲዎች ለሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች እኩል በጀት ይፈልጉ ነበር። ሊበራሎችና ሶሻሊስቶች ደግሞ ሁሉም ወንድ የመምረጥ መብት እንዲኖረው ይታገሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል ሁለቱም ገቡ። ግማሽ በጀትና ግማሽ የምርጫ መብት አይደለም፤ ሁለቱም ሙሉ። ሴቶች ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ዋጋም ነበረው። የካቶሊኩና የፕሮቴስታንቱ ልጆች ለረጅም ጊዜ ተለያይተው አደጉ። ልጆቹን ማንም አልጠየቃቸውም። ስለዚህ ስትለዋወጡ ዞር ብላችሁ እዩ፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ጠረጴዛው ላይ የሌለ ሰው እንዳይሆን። ከፍ ያሉ ክፍል ተማሪዎች ካሉ ሁለት ሦስቱን ጋብዟቸው። አዋቂዎች በልጆች ፊት አነጋገራቸውን ያርማሉ።

7. የተሸናፊውን ስጋት ስምምነቱ ውስጥ አስገቡት

ፊንላንድ ሁሉንም ልጆች በአንድ ዓይነት ትምህርት ቤት ለማስተማር ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የተቃወሙት ሰዎች ስጋት ግልጽ ነበር፦ ጎበዞቹ ይጎተታሉ። ስጋታቸው አልተናቀም። በሒሳብና በውጭ ቋንቋ ተማሪዎች በደረጃ ተከፍለው እንዲማሩ ተደረገ። ለውጡም በአንድ ቀን አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1972 ከሰሜኑ ተጀምሮ፣ ቀስ በቀስ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ በ1977 ተጠናቀቀ። የደረጃ ክፍፍሉ የቀረው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ተቃዋሚዎቹ ሥራውን እያዩት ለመልመድ ጊዜ አገኙ።

እናንተም ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት፣ የሚሸነፈውን ወገን “ይህ ነገር ካለፈ ምን ቢጨመርበት እንቅልፍ ይወስድዎታል?” ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። መጀመሪያ በሁለት ክፍል ይሞከር። ወላጅ መጽሐፉን አስቀድሞ ይይ። መምህራኑ ሥልጠና ይውሰዱ። አሸናፊው ድምፅ ቢኖረውም ይህን ጨምሩ። በኋላ የሚያፈርሰው ሰው አይኖርም፤ ቢኖርም ጥቂት ነው።

8. ጻፉት፤ ቀን ቁረጡለት

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ባንድነት ያጸደቁት የትምህርት ሕግ ነበር። በታችኛው ምክር ቤት 381 ለ41፣ በላይኛው 87 ለ10 አለፈ። ሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽና ዴሞክራቱ ሴናተር ቴድ ኬኔዲ አብረው ቆሙለት። ግቡ በ2014 ሁሉም ተማሪ በንባብና በሒሳብ ብቁ እንዲሆን ነበር። የሚጠላው የሌለ ግብ ነው። ግን የማይደረስበት ነበር። ትምህርት ቤቶች እየወደቁ ተመዘገቡ፤ ከሁለቱም ወገን ደጋፊው ሸሸ። በ2015 በሌላ ሕግ ተተካ። ሁለቱም ወገኖች ዓላማውን ወደውት ነበር፤ የሳቱት መንገዱን ነው።

ስለዚህ የምትጽፉት ወረቀት ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ምን ይደረጋል፣ ማን ያደርገዋል፣ እስከ መቼ፣ በምን ይታወቃል፣ መቼ እንደገና ይታያል። ምክንያት አትጻፉበት። ይህ ትልቅ ነገር ነው። “በእኩልነት መርህ መሠረት” ወይም “ባህላችንን ለመጠበቅ” የሚል መግቢያ ከገባ አንዱ ወገን አይፈርምም። ወረቀቱ በሥራው ይጀምር፣ በሥራው ይለቅ።

ቃለ ጉባኤውን ሁለቱ ሰብሳቢዎች አንድ ላይ ይጻፉት፤ ያንኑ ቀን ማታ ለሁሉም ይድረስ። አንድ ቀን ካደረ ሁለት ዓይነት ስብሰባ ይወራል።

ከተበላሸስ?

ይበላሻል፤ ያጋጥማል። አንድ ሰው ተነስቶ ሌላውን በፓርቲው ስም ሲሰድብ አታልፉት። ንግግሩን አቁሙና “ወደ ሦስተኛ ክፍል ልጆቹ እንመለስ” በሉ። ሁለት ጊዜ ከደገመ አሥር ደቂቃ ዕረፍት ስጡና ለብቻው አነጋግሩት። ብዙ ጊዜ የሚሳደበው ሰው ስጋቱን ያልተናገረው ሰው ነው።

ስምምነት ጨርሶ ካልመጣ ያልተስማማችሁበትን ሁለቱም በሚቀበሉት ቃል ጻፉት። “እነሱ እንዲህ ይላሉ” ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ወገን የሌላውን ሐሳብ ይጻፍ፤ ባለቤቱም “አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው” ብሎ ይፈርምበት። አንዳንዴ ለዚህ ብቻ አንድ ሙሉ ምሽት ይሄዳል። የሚቀጥለውን ስብሰባ በዚያ ወረቀት ጀምሩ።